ሁለቱ ትንንሽ ሣጥኖች፦ የበጎ ፈቃድ ሰዓትን በኮሌጅ ማመልከቻ ላይ በትክክል ስለ መሙላት

ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ተማሪ፣ ኮመን አፕ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ከመደበኛ ትምህርት ውጭ ስለሚሠራቸው ነገሮች ወደሚጠየቅበት ክፍል ሲደርስ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ይጠብቁታል። አንዱ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ሌላው በዓመት ስንት ሳምንት እንደሠራ ይጠይቃል። ለድርሰቱ ወራት የፈጀ ተማሪ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላቸው በመጨረሻዋ ምሽት፣ ዓይኑ ሰዓት ላይ ተተክሎ፣ በመሰለው መጠን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለችግረኞች ምግብ በሚያድል ድርጅት ውስጥ ያገለገለ አንድ ልጅ እንውሰድ። ሥራ በጣም የበዛበትን ቅዳሜ አስታውሶ «5 ሰዓት» ብሎ ይሞላል፤ አገልግሎቱ ዓመቱን ሙሉ እንደነበረ ስለሚሰማው ደግሞ «52 ሳምንት» ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ሲባዙ 260 ሰዓት ይሆናሉ። በስልኩ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከፍቶ ቢያይ ግን የሄደው 20 ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በአብዛኛውም የቆየው ሦስት ሦስት ሰዓት ነው። እውነተኛው ድምር 60 ነው ማለት ነው። ልጁ ልዋሽ ብሎ አልተነሣም፤ የጻፈው ቁጥር ግን ከእውነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ በጎ ፈቃድ ሰዓት ሐቀኝነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ደጃፉን ረግጦ በማያውቀው ድርጅት ውስጥ አገልግያለሁ የሚለውን ሰው ነው። ያ ውሸት ነውና ማብራሪያ አያሻውም። ማብራሪያ የሚያሻው ከዚያ ይልቅ በማባዛት፣ በማጠጋጋት፣ አንዱን ሰዓት ሁለት ቦታ በመቁጠር እና «ይህስ ይቆጠር ይሆን?» በሚል ጥርጣሬ መካከል ሾልኮ የሚገባው ስሕተት ነው። ቅጹን አብሬያቸው ከሞላሁ ወጣቶች ያየሁት ይህንን ነው፦ ቁጥሩን ያበዙት አብዛኞቹ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሐቀኛ ቁጥር ማለት እስከ ደቂቃ የተለካ ቁጥር ሳይሆን፣ አገልግሎቱን ሲመራ በነበረው ሰው ፊት ቆመን እንዴት እንደደረስንበት አንድ በአንድ ልናስረዳው የምንችለው ቁጥር ነው።

ቅጹ የሚጠይቀው እና የማይጠይቀው

ኮመን አፕ እስከ 10 ተግባራት ብቻ እንዲዘረዘሩ ይፈቅዳል። ለእያንዳንዱ ተግባር የሥራው ዘርፍ ከዝርዝር ይመረጣል፤ የኃላፊነቱ መጠሪያ በ50፣ የድርጅቱ ስም በ100፣ የሥራው መግለጫ ደግሞ በ150 ምልክቶች (ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦች) ውስጥ፣ ያውም ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ፣ መጠቃለል አለበት። በስንተኛ ክፍል እንደተሠራ፣ በትምህርት ወቅት ይሁን በዕረፍት ወይስ ዓመቱን ሙሉ እንደሆነ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ሣጥኖች የሚመጡት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይና በሎስ አንጀለስ (ዩሲኤልኤ) ያሉትን ጨምሮ ለቅድመ ምረቃ ካምፓሶቹ ሁሉ የሚያገለግል የራሱ ማመልከቻ አለው፤ እርሱ ሽልማትን፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን እና ሥራን ጨምሮ እስከ 20 ተግባራት ይቀበላል፤ ለመግለጫውም እስከ 350 ምልክት ይፈቅዳል፤ የሰዓቱና የሳምንቱ ጥያቄ ግን እዚያም አለ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኮመን አፕ «በአጠቃላይ ስንት ሰዓት አገለገልክ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ እንደሌለ ነው። ድምሩን በአእምሮው የሚያባዛው አንባቢው፣ ማለትም ማመልከቻውን የሚያነበው የኮሌጁ የቅበላ ሠራተኛ፣ ራሱ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ ሣጥን ውስጥ የተጨመረች አንዲት ሰዓት ብቻዋን አትቀርም፤ በሳምንታቱ ተባዝታ፣ ምልክት በተደረገባቸው የክፍል ዓመታት እንደገና ተባዝታ ትመጣለች።

ሌላው ተማሪዎችን የሚያሳስታቸው፣ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ የተረጋገጠ ሰዓት ነው። የሜሪላንድ ግዛት ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 የአገልግሎት ሰዓት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ የፍሎሪዳ ብራይት ፊውቸርስ ስኮላርሺፕም ለከፍተኛው ደረጃ 100፣ ለቀጣዩ ደረጃ 75 የበጎ ፈቃድ ሰዓት እንደ አንድ የመስፈርት አማራጭ ያስቀምጣል። በእንዲህ ያለው ቦታ ወረቀት አለ፤ ፊርማ አለ፤ 98 እና 100 አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የተገመተ ሰዓት ነው፤ የኮሌጅ ማመልከቻ የሚጠይቀው ይህንኛውን ነው። ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ከቅጹ ጋር አይያያዝም፤ የቅበላ ሠራተኞችም ቁጥሩ በአማካይ የተሰላ እንደሆነ ያውቃሉ። ተማሪዎች በዚህ ላይ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ ትክክለኛ መዝገብ ስለሌለኝ መጻፍ አልችልም ብሎ እውነተኛ አገልግሎቱን ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ ግምት ከተፈቀደ ያሻኝን ልገምት ይላል። ግምት ማለት ካሉን መረጃዎች ተነሥተን ወደ እውነቱ የምንጠጋበት መንገድ ነው እንጂ፣ ከምኞታችን ተነሥተን ቁጥር የምንመርጥበት ፈቃድ አይደለም።

ስሌቱ በእጅ ሲሠራ

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ማንበብ ታስተምራለች እንበል። በትምህርት ዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ታስተምራለች። ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ሜይ መጨረሻ 35 ሳምንት ገደማ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ በበዓላት ምክንያት 3 ቅዳሜ ተዘግቷል፤ እርሷ ደግሞ በፈተናና በሕመም 4 ቅዳሜ ቀርታለች። የሚቀረው 28 ሳምንት ነው፤ በሁለት ሲባዛ 56 ሰዓት ይሆናል። በበጋው ዕረፍት ደግሞ በዚያው ቤተ መጻሕፍት በተዘጋጀ የንባብ ፕሮግራም ለ3 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት ሠርታለች፤ ይህ 60 ሰዓት ነው። አጠቃላዩ 116 ሰዓት፣ የሠራችባቸው ሳምንታት 31።

116 ለ31 ሲካፈል 3.7 ገደማ ይሆናል። 4 ሰዓት፣ 31 ሳምንት ብላ ብትሞላ በስሌት 124 ይወጣል፤ ከእውነቱ በ8 ሰዓት ይበልጣል። ይህ ማጠጋጋት ነው፤ ማንም ውሸት አይለውም። ከእውነቱ ጋር የሚጣላው፣ የበጋውን ሳምንት መለኪያ አድርጋ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 31 ሳምንት ብትል ነው፤ ውጤቱ 620 ሰዓት ይሆናል። አስገራሚው ነገር ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው እውነት መሆናቸው ነው፦ በሳምንት 20 ሰዓት የሠራችበት ጊዜ አለ፤ 31 ሳምንትም ሠርታለች። ሐሰቱ ያለው በመጋባታቸው ነው። የተዛባ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚገነባው በዚህ ዓይነት፣ እያንዳንዱ እውነት በሆነ ነገር ግን ተገጣጥሞ እውነት በማይሆን ጡብ ነው።

አማካዩ ሥራውን በሚገባ የማያሳይ መስሎ ከታያት፣ መግለጫው ላይ «በትምህርት ወቅት ሳምንታዊ 2 ሰዓት፤ በበጋ ለ3 ሳምንት በየሳምንቱ 20» ብላ ማስፈር ትችላለች። ጥቂት ምልክቶችን ይወስድባታል፤ ለአንባቢው ግን ከአማካዩ የበለጠ ይነግረዋል።

የዓመታቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቅጹ ሦስት ወይም አራት የክፍል ደረጃዎችን ምልክት አስደርጎ ለሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥንድ ቁጥር ነው። በ9ኛ ክፍል 10 ሳምንት በሁለት በሁለት ሰዓት፣ በ10ኛ ክፍል 20 ሳምንት በሁለት በሁለት ሰዓት፣ በ11ኛ ክፍል 30 ሳምንት በአራት በአራት ሰዓት ያገለገለ ልጅ በድምሩ 60 ሳምንትና 180 ሰዓት አለው። ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 20 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ሰዓት ይሆናል። የ11ኛ ክፍሉን ቁጥር ብቻ ወስዶ ሦስቱንም ዓመታት ምልክት ቢያደርግ ግን አንባቢው 360 ሰዓት ያነባል፤ የሠራውን ሁለት እጥፍ ማለት ነው። እያደገ የመጣ ኃላፊነቱን ማሳየት ከፈለገ በመግለጫው ቃላት ያሳየው እንጂ በሣጥኑ ቁጥር አይደለም።

የሚቆጠረው፣ የማይቆጠረው እና የሚያከራክረው

ወደ ሥፍራው ለመድረስ በአውቶቡስ ያለፈው ጊዜ አይቆጠርም። ድርጅቱ ያዘጋጀው ሥልጠና በአብዛኛው ይቆጠራል። የተዋጣ ገንዘብ ወደ ሰዓት አይለወጥም። ክፍያ የተገኘበት ሥራ፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም፣ ቦታው በደመወዝ ከሚሠሩ ሥራዎች ጋር ነው፤ በነገራችን ላይ እዚያ መሆኑ አያሳንሰውም፤ ከትምህርት በኋላ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሠራ ተማሪ ያንን በበጎ ፈቃድ ልብስ ሸፍኖ ለማቅረብ ምንም ምክንያት የለውም።

ብዙ የሚያከራክረው የጉዞ አገልግሎት ነው። ወላጆች ከፍለውለት ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላ አገር የአገልግሎት ጉዞ የሄደ ወጣት አጋጥሞኛል፤ ከጉዞው ሲመለስ በተሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። 14 ቀን በ24 ሰዓት ቢባዛ 336 ነውና፣ አዘጋጆቹ እንቅልፉንም ሳይቆጥሩለት አልቀሩም። ቁጭ ብለን ቀኖቹን ለየናቸው፦ የበረራ፣ የጉብኝትና የዕረፍት ቀናት ሲወጡ አጥር በመሥራትና ክፍል በመቀባት ያሳለፈው 8 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት ያህል ነበር። 40 ሰዓት። በቅጹ ላይ በሳምንት 20 ሰዓት፣ 2 ሳምንት ተብሎ ገባ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ፈርሞበታል ማለት ተማሪውን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ማመልከቻውን የሚፈርመው እርሱ ነውና። ልጆችን በካምፕ ውስጥ ሌት ተቀን የሚጠብቁ አገልጋዮችም ተመሳሳይ ጥያቄ አለባቸው፤ እንደ እኔ ከሆነ ነቅተው በሥራ ላይ የነበሩበት ሰዓት ብቻ ቢቆጠር ይሻላል።

በግዴታ የተሠራ አገልግሎትስ? ትምህርት ቤቱ ለመመረቂያ የጠየቀው 75 ወይም 100 ሰዓት በእርግጥ የተሠራ ሥራ ነውና መዘርዘሩ ነውር የለበትም፤ ከትምህርት ቤቱ ወደ ኮሌጁ የሚላከው ሰነድ ብዙውን ጊዜ ግዴታውን ስለሚገልጽ ግን፣ ያንኑ ግዴታ በራስ ተነሣሽነት የተጀመረ አስመስሎ መጻፍ በራሱ የሚጋለጥ ነገር ነው።

መደራረብ ደግሞ አለ። አንድ ተማሪ የትምህርት ቤቱ የአገልግሎት ክበብ አባል ነው፤ ክበቡ በየወሩ ወደ ፉድ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ ወደሚያድል ድርጅት) ይልከዋል፤ ያንኑ ሰዓት ናሽናል ኦነር ሶሳይቲ ለተባለው የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር አባልነቱም ያስመዘግባል። 40 ሰዓት በፉድ ባንክ፣ 40 በክበቡ፣ 40 በማኅበሩ ሥር ሲጻፍ፣ አንድ ሰውነት ይዞ 120 ሰዓት አገለገለ ማለት ነው። ሦስቱም ድርጅቶች ሰዓቱን ሊያውቁለት ይችላሉ፤ በማመልከቻው ላይ ግን ሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ ሥራው በተሠራበት ቦታ ይመዘገባል፤ በክበቡ ሥር የሚገባው የስብሰባውና የማስተባበሩ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነገር፣ ክበቡ በሙሉ ያሰባሰበውን ገንዘብ ወይም ያደለውን ምግብ «ያደልኩት» ብሎ በአንደኛ መደብ መጻፍ ነው፤ «ያደልነው» የሚለው በሁለት ፊደል ብቻ የሚለይ ቃል ነገሩን ያስተካክለዋል።

በተቃራኒው፣ የሚገባቸውን የማይጽፉ ተማሪዎች አሉ፤ በስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ይህ በብዛት ይታያል። እናቷን ወደ ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ የምታስተረጉም፣ ለአባቷ የመንግሥት ቅጾችን የምትሞላ፣ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት አምጥታ አብልታ የምታስጠና ልጅ «ምንም አልሠራሁም» ትላለች። ኮመን አፕ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል የራሱ ዘርፍ አለው። በበጎ ፈቃድ ዘርፍ አይደለም የሚገባው፤ በስሙ፣ በቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሃርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ የወጣና በርካታ የቅበላ ኃላፊዎች የደገፉት አንድ ሪፖርት፣ ኮሌጆች ከአገልግሎት ብዛት ይልቅ ለዘለቄታውና ለትርጉሙ ትኩረት እንዲሰጡ፣ ለቤተሰብ የሚደረግ አስተዋፅኦንም እንዲመዝኑ ጠይቆ ነበር። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ በሳምንት 10 ሰዓት አላት፤ ይህንን ትቶ በዓመት አንድ ጊዜ የተካሄደ የፓርክ ጽዳትን ማሳበጥ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

በሳምንት ያሉት 168 ሰዓቶች

የቅበላ ሠራተኛ አንድን የተጋነነ ቁጥር ለብቻው አይቶ ላያውቀው ይችላል። አሥሩን መስመሮች አንድ ላይ ሲያያቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። ትምህርት 35 ሰዓት፣ እንቅልፍ 56 ሰዓት ቢወስዱ 77 ይቀራል። በቀን ሦስት ሰዓት ለቤት ሥራና ለጥናት ሲወጣ 56፤ ለመብል፣ ለመታጠብ፣ ለመንገድ ሌላ ሦስት ሰዓት በቀን ሲቀነስ 35 ሰዓት ይቀራል። ስፖርት 15፣ ሙዚቃ 10፣ የደመወዝ ሥራ 12፣ ሦስት የበጎ ፈቃድ አገልግሎቶች በድምሩ 22 ሰዓት የሞላ ተማሪ 59 ሰዓት ከየት እንዳመጣ አንባቢው መጠየቁ አይቀርም። አንዱ የተጋነነ መስመር ከተጠረጠረ ደግሞ የቀሩት እውነተኛዎቹም አብረው ይጠረጠራሉ።

በእርግጥ ሁሉም ተግባራት በአንድ ወቅት አይሠሩም፤ የበልግ ስፖርትና የበጋ አገልግሎት አይጋጩም፤ አንባቢውም ይህንን ያውቃል፤ ለዚያ ነው የወቅቱ ጥያቄ በቅጹ ላይ ያለው። ስለዚህ ተማሪው ማድረግ ያለበት አንድ የተለመደ የኅዳር ወይም የፌብሩዋሪ ሳምንቱን ወስዶ፣ በዚያ ሳምንት በእርግጥ የሚካሄዱትን ብቻ ደምሮ ማየት ነው። ድምሩ እንቅልፍ የሚያሳጣ ከሆነ፣ ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል ወይ ልጁ በእውነት አይተኛም፤ ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ስለ ማመልከቻው ከመነጋገር በፊት ሌላ ውይይት ያስፈልጋል።

ማን ያረጋግጣል?

አብዛኞቹ ኮሌጆች ለእያንዳንዱ አገልግሎት ስልክ አይደውሉም፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜም የላቸውም። «ማን ያያል?» የሚለው አስተሳሰብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ማመልከቻው ብቻውን አይደርስም። ከካውንስለሩ (ከትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) የሚላክ ሪፖርት፣ ከመምህራን የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ፣ በአንዳንድ ኮሌጆችም ቃለ ምልልስ አለ። ለ300 ሰዓት ሕፃናትን አስተምሬያለሁ ያለ ሰው «ከልጆቹ አንዱን ንገረኝ» ሲባል የሚያወራው ካጣ፣ ማንም ስልክ መደወል አያስፈልገውም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአመልካቾቹ መካከል በዕጣ እየመረጠ በማመልከቻው ላይ የጻፉትን፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎታቸውን ጭምር፣ በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል፤ ምላሽ ያልሰጠ አመልካች ማመልከቻው ይሰረዝበታል።

ከሁሉ በላይ ፊርማው አለ። ኮመን አፕን የሚያስገባ ተማሪ፣ ያቀረበው መረጃ ሁሉ እውነተኛና በሐቅ የቀረበ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ቅበላው ሊሰረዝ፣ ከትምህርት ሊባረር፣ ያገኘው ውጤትና ዲግሪ እንኳ ሊነጠቅ እንደሚችል ተረድቶ ይፈርማል። ይህ ፊርማ ቀነ ገደብ የለውም። በማርች 2019 የቦስተን ፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ በ50 ሰዎች ላይ የቅበላ ማጭበርበር ክስ መመሥረታቸውን ሲያስታውቁ፣ ከተጋለጡት ዘዴዎች አንዱ ተጫውተው የማያውቁ ልጆችን እንደ ስፖርተኛ የሚያቀርብ የሐሰት መግለጫ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በኤፕሪል 2007 ኤምአይቲ የተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ኃላፊ ራሳቸው፣ ከ28 ዓመት በፊት ሲቀጠሩ የሌላቸውን ዲግሪ አለኝ ብለው መጻፋቸው ታውቆ ሥራቸውን ለቀዋል። ሁለቱም የሰዓት ጉዳይ አይደሉም፤ በተለይ ሁለተኛው ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ምን ያህል ዓመት ቆይቶ ሊነሣ እንደሚችል ያሳያል።

ይህንን ሁሉ ብዬ ግን፣ ፍርሃት ጥሩ መካሪ ነው ብዬ አላምንም። የበለጠ የሚያሳምነኝ ነገር፣ ትልቅ ቁጥር ያን ያህል የማይጠቅም መሆኑ ነው። 60 ሰዓት የሠራ ልጅ በመግለጫው «ለ40 ቤተሰብ የሚታደለውን ምግብ ደረደርኩ፤ የሚቀያየረውን የፈቃደኞች ተራ አዘጋጀሁ» ቢል፣ 260 ሰዓት ጽፎ «የተቸገሩትን ረዳሁ» ካለው ይልቅ አንባቢው ያስታውሰዋል። ያጋነነው ተማሪ ሥራውን የሚያሳዩትን ዝርዝሮች ትቶ፣ ማንም ብዙ የማይመካበትን ቁጥር ሲያሳምር ነው ያመሸው።

መዝገብ ለሌለው፣ ገና ላልጨረሰው እና ለተሳሳተው

ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀኑን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የሠራውን እና የተቆጣጣሪውን ስም በአንድ ደብተር ወይም በስልኩ ላይ የመዘገበ ተማሪ ከዚህ በላይ የተባለው አብዛኛው አያሳስበውም። መዝገብ የሌለው ደግሞ ከባዶ አይነሣም። የስልክ መልእክቶች፣ ኢሜይሎች፣ የፎቶዎች ቀን፣ ድርጅቱ በር ላይ የሚያስፈርመው ወረቀት፣ ወላጅ መኪና የነዳበት ቅዳሜ፣ ሁሉም ተደምረው ሳምንታቱን ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላም በሁለት ቁጥሮች መካከል ካመነታ ዝቅተኛውን ይያዝ፤ በዝቅተኛው ምክንያት ቅበላ የሚቀርበት አይመስለኝም። አስተባባሪውን ማረጋገጫ ሲጠይቅም ቀኖቹን ዘርዝሮ ይላክለት እንጂ ባዶ ቅጽ አያቅርብለት። በአንድ ወቅት ሰዓቱ ያልተሞላበት ወረቀት ይዞ «ይፈርሙልኝና እኔ እሞላዋለሁ» ያለኝ ወጣት ነበር። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ እኔን ሥራ ሊያቀልልኝ ነበር የፈለገው። አብረን ቀኖቹን ቆጥረን 34 ሰዓት ሆነ፤ በእጁ ከያዘው ግምት በግማሽ ያህል ያንሳል።

የ12ኛ ክፍል ሰዓት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ቀደም ብሎ የሚገባ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ላይ ስለሚዘጋ፣ ተማሪው ስለ 12ኛ ክፍል ሲጽፍ ዓመቱ ገና ጅምር ነው። በመካሄድ ላይ ያለውን አገልግሎት ባለው መርሐ ግብር መሠረት እስከ ዓመቱ መጨረሻ መገመት ተገቢ ነው፤ ሊጀምረው ያሰበውን ግን እንደ ተጀመረ መቁጠር አይገባም። በሴፕቴምበር ሁለት ቅዳሜ ሄዶ ያቋረጠ ሰው 36 ሳምንት ሊጽፍ አይችልም።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ስሕተት ቢገኝስ? በኮመን አፕ ላይ ቁጥሩን ማረም ይቻላል፤ እርማቱ የሚደርሰው ግን ገና ላልተላከላቸው ኮሌጆች ነው፤ አስቀድሞ የደረሳቸው ኮሌጆች እጅ ያለው የቀድሞው ቅጂ ነው። ለእነርሱ በአመልካቹ ፖርታል (ኮሌጁ ለአመልካቹ በከፈተው የድረ ገጽ መለያ) ወይም በቅበላ ቢሮው ኢሜይል፣ ካውንስለሩ እንዲያውቀው አድርጎ፣ አጭር ማስታወሻ መላክ ይበቃል። «በተግባራት ዝርዝሬ 3ኛ መስመር ላይ 52 ሳምንት ብዬ የሞላሁት በስሕተት ነው፤ የአገልግሎት ቀኖቼን ቆጥሬ ትክክለኛው 20 ሳምንት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ በሳምንት የሠራሁትም 5 ሳይሆን 3 ሰዓት ነው» የሚል ነው። ሰበብ አይደረደርበትም፤ ይቅርታውም አይረዝምም። ማስታወሻው ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።